የአባታችን ሰባት ካቦች

ኔርዳል፣ ኦገስት 29 ቀን 1974

ለውድ እህቴ ለኦስላውግ፦

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ያዘገየው የለመደበት ስንፍናው ነው ብለሽ ተቀየሚኝ፣ ቅያሜሽን እችለዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ቫርዶ ኖረሽ ዛሬም ስለ ነፋሱ ታማርሪያለሽ፤ እሱም ይሄኔ ስለ አንቺ ለባሕሩ እያማረረ ይሆናል።

ስለ ጉልበቴ ለጠየቅሽኝ፣ ቀኙ አልቋል፣ ግራውም እየተከተለው ነው። ሽቅብ ስወጣ ይታገሠኛል፣ ቁልቁለት ላይ ግን አይምረኝም። በዚህ በጋ ለአምስት ሳምንት ተራራው ላይ ተጓዦች መርቻለሁ፣ በየሳምንቱ አዲስ ሰዎች፣ ያው መንገድ፣ ያው ማረፊያ ቤቶች። ሠላሳ አንድ በጋ ሙሉ አንድ ቋጥኝ አጠገብ ቆሜ የማወራትን ቀልድ ታውቂያታለሽ። ዘንድሮ መጨረሻዋ ጠፋኝና መሐል ላይ ተውኳት። ሰዎቹ ለትሕትና ሳቁልኝ።

በመጨረሻው ሳምንት ዘጠኝ እንግዶች ነበሩኝ። አንዱ መሐንዲስ ነው፤ በየሰዓቱ፣

«ስንት ኪሎ ሜትር ቀረን?» ይለኛል።

«ከጠዋቱ ያነሰ» እለዋለሁ።

«በቁጥር ንገረኛ፣ ሰውዬ!»

«ቁጥሩን ካወቅከው ይደክምሃል።»

ደካማው ከመሪው ኋላ ይሂድ የሚለውን የአባባን ሕግ አትረሺውም፤ መሪው በደካማው እግር ልክ እንዲራመድ ነው። መሐንዲሱን ከኋላዬ አደረግኩት። የክብር ቦታ መስሎት ሁለት ቀን ደስ ብሎት ሄደ፣ በሦስተኛው ቀን ምክንያቱን ሰው ነገረው፤ ከዚያ ወዲያ እስከምንለያይ አኮረፈኝ።

አደጋው በደረሰበት ረቡዕ የት እንደነበርኩ ጠይቀሽኛል። ስቴይንቡ ማረፊያ ነበርኩ፣ ልጅሽ ማሪት ከምትመራው ቡድን የአንድ ቀን መንገድ ኋላ። እኛ ግሮቡ ማረፊያ ስንደርስ ሄሊኮፕተሩ የተጎዱትን ሴትዮ ይዞ ሄዷል፣ ማሪትም የቀሩትን እንግዶች ይዛ ወደ ሸለቆው ወርዳለች። የማውቀው አንቺ የምታውቂውን ነው። ጉም ወረደ፣ ከመንገድ ወጡ፣ ድሮ እንሻገርበት ወደነበረው መልካ ወረዱ፣ የወንዙ ዳርቻ ተናደ፣ ወይዘሮ ቦርግሂልድ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ማሪት እስከ ብብቷ በረዶ ውኃ ውስጥ ገብታ አወጣቻቸው። ይህን የነገረኝ የግሮቡ ማረፊያ ጠባቂ ሹር ነው። ጉም ጉም ነው፣ እህቴ። በማንም ይደርሳል።

ቡናማ አይብ ልኬልሻለሁ። ማሪትን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ቶርሞድ


ቫርዶ፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1974

ቶርሞድ፦

አይቡ ደርሷል፣ አመሰግናለሁ። መልሱ ግን ገና አልደረሰኝም።

ልጄ እንዴት እንደሆነች ስላልጠየቅከኝ እኔው ልንገርህ። ከእራት ሰዓት በቀር ከሰገነቱ ክፍሏ አትወርድም። ቦት ጫማዋ ከነጭቃው ደረጃው ሥር ተወርውሯል፤ አንተ ያሠለጠንካት ልጅ ጫማዋን ሳትቀባ ስታድር አይቼ አላውቅም። ከዓሣ ፋብሪካው ስመለስ ድንቹን ልጣ ቀቅላ ትጠብቀኛለች፣ እንበላለን፣ ተመልሳ ወደ ሰገነቱ ትወጣለች። እኔም ስምንት ሰዓት ቆሜ ዓሣ ስሰነጥቅ ስለምውል ለማባበል የሚተርፍ ጉልበት የለኝም። በአሥራ አራት ዓመቷ ወዳንተ የላክኋት አንድ በጋ እንድታሳልፍ ነበር። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት፣ ከተራራው ሌላ ነገር አላማራትም።

አሁን የምጽፍልህን ረጋ ብለህ አንብብ። እንደመጣች የነገረችኝ ይህን ነው። አራተኛው ቀን ስለነበር፣ እንዳንተ ልማድ፣ እንግዶቹ በየተራ አንዳንድ ሰዓት ከፊት እንዲመሩ አደረገች። ተራው የወይዘሮ ቦርግሂልድ ነበር። ጉሙ ሲወርድ ማሪት ወደ ፊት ሄዳ አጠገባቸው ሆነች።

«መንገድ የሚያመለክቱት ካቦች ነበሩ፣ እማዬ» አለችኝ። «አንዱ ጋ ስደርስ ቀጣዩ ይታየኛል። ሰባት ቆጠርኩ።»

ሁለት በጋ ሌላ ተራራ ላይ ሠርታ መመለሷ ቢሆንም፣ መንገዱ መዛወሩን አላጣችውም። ወንዙ ዳርቻውን ስለበላው ከሁለት ዓመት በፊት በላይኛው ድልድይ በኩል እንዲሆን ተደርጓል፣ አሮጌዎቹን ካቦች የናድካቸውም አንተ ነህ። ስለዚህ የቆመ ካብ ካየች አዲሱ መንገድ ነው ማለት ነው። «አጎቴ ናድኩ ካለ ንዷል፤ ምን ብዬ ካርታ አወጣለሁ?» አለችኝ።

ከዚያ እናንተን መሪዎቹን ከሚያሠራው የተጓዦች ማኅበር ደብዳቤ መጣ። መሪዋ ምንም ምልክት በሌለበት ቦታ ሰው ይዛ ገብታለች ይላል። ሁለት ሰዎች ወጥተው አይተዋል፣ በአሮጌው መንገድ ላይ የቆመ አንድም ካብ የለም። ከእንግዶቹ ሁለቱ «ክምር ድንጋይ አይተናል» ቢሉ፣ «ተራራ ላይ ድንጋይ መች ጠፍቶ ያውቃል» ተባሉ። ኮሚቴው ኦክቶበር 5 ተሰብስቦ ይወስናል። የመሪነት ባጇን ሊነጥቋት ነው። እድሜ ልኳንም በየማረፊያው «ያቺ ሴትዮዋን ወንዝ የከተተችው» ተብላ ትቀራለች።

ከደብዳቤው ጋር ካቦቹ መናዳቸውን የሚመሰክር ወረቀት ተያይዟል፣ በአንተ ፊርማ። ማሪት ፊርማህን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና «እንግዲያው ጉሙ ይሆናል ያሳየኝ» አለች። ካብ የሚባል ቃል ከዚያ ወዲህ ከአፏ አልወጣም።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ካብ ነበር ወይስ አልነበረም?

ኦስላውግ


ኔርዳል፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1974

ውድ ኦስላውግ፦

ስላዘገየሁ ይቅርታ። ሳምንቱ በግ ከተራራ የምናወርድበት ሆኖ ከጠዋት እስከ ማታ ስንጮህ ከረምን። ከመቶ አርባው ሦስቱ ጠፍተዋል፣ ሁለቱ የጎረቤት ናቸው፣ ሦስተኛዋ ያቺ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ተንኮለኛ ናት፤ እሷ ጠፍታ ሳይሆን እኛን ሰልችታ ነው። ከዚያ በረዶው እንዳይወስደው የበጋ ድልድዮቹን ጣውላ አነሣን፣ ማረፊያዎቹን ቆለፍን። ሹር ዘንድሮ የማረፊያውን መዝገብ ሲዘጋ «የጉዞ መሪው ቶርሞድ እንደ አሮጌ በር እየተንጫጫ ወረደ» ብሎ ጽፎብኛል። ደክሞኛል፣ እህቴ። ተኝቼ ስነሣም ደክሞኝ ነው የምነሣው።

የጠየቅሽኝን አልዘነጋሁትም። ጉም ውስጥ ድንጋይ ሁሉ ካብ ይመስላል። በግም ካብ ይመስላል፤ አንድ ዓመት አሥራ ሁለት ሰው አስከትዬ ወደ ተኛ በግ ሄጃለሁ፣ አጠገቡ ስንደርስ ተነሥቶ ሄደ። ማሪትም ያየችው እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል።

የአባባ ካብ ግን ከምንም ጋር አይምታታም ነበር። ትልቁ ትዝ ይልሻል? መንገዱ ወደ መልካው ከሚታጠፍበት በላይ የነበረው። አናቱ ላይ ያስቀመጣትን ነጭ ድንጋይ ከግሮ ወንዝ ማዶ ድረስ በቦርሳው ተሸክሞ ነው ያመጣት፤ እኔና አንቺ ዳቦ መስላን ተሻምተንባታል። «የደከመው ሰው ዓይኑ ነጭ ይፈልጋል» ይል ነበር። ያ ሁሉ አለፈ።

ለኮሚቴው ስለ ማሪት ጥሩ ቃል እጽፋለሁ። ጎበዝ መሪ ናት፣ ጉም በማንም ላይ ይወርዳል እላለሁ። ይሰሙኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወንድምሽ ቶርሞድ


ቫርዶ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1974

ቶርሞድ፦

በጎቹ ተገኙ? ስለ እነሱ ብዙ ጽፈህልኛልና ላስብላቸው ይገባል።

ደብዳቤህን እራት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የተኛው በግ ጋ ስደርስ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ነጯ ድንጋይ ጋ ስደርስ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ነክቻታለሁ» አለች።

«ምንን?»

«ነጯን ድንጋይ። ውርጩን በጓንቴ ጠርጌላት አለፍኩ። አጎቴ የአያቴን ድንጋይ ወደ አዲሱ መንገድ አምጥቷታል ብዬ ደስ አለኝ። ከታች ወንዙ ይሰማል። ድልድዩ እዚህ ነው ብዬ ወይዘሮ ቦርግሂልድን ‹በርቱ፣ ደረስን› አልኳቸው።»

«ታዲያ ጉም ነው፣ ጉም ነው የምትይው ለምንድን ነው?»

«ወይ እሱ ዋሽቷል ወይ እኔ አብጃለሁ፣ እማዬ። ማበዱ ለእኔ ይቅለለኝ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ሌላ ሥራ እለምዳለሁ። እሱ ከተራራው ሌላ ምን አለው?»

ይህን እንዳልጽፍልህ አስማለችኝ። ማልኩላት፣ ይኸው እየጻፍኩልህ ነው፤ ኃጢአቱ ከሌሎቹ ጋር ይቆጠርልኝ።

ከእንግዲህ አልጠይቅህም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ ነበር እናታችን፤ ኮሚቴው ግን እስኪነጋ የሚቆይ አይመስለኝም። ደግሞ ያንን ጥሩ ቃል እንዳትጽፍላት። ዓይንህን በጨው አጥበህ ጎበዝ ናት ብትልላት፣ ያኔ ነው የማላናግርህ።

ኦስላውግ


ኔርዳል፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1974

ኦስላውግ፦

ካብ ነበር። ሰባት ነበሩ። ልጅሽ በትክክል ቆጥራለች።

ከሁለት ዓመት በፊት በሴፕቴምበር ዲጅኖ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። በጠቅላላው አሥራ አንድ ነበሩ። ከወንዙ ጀምሬ አራቱን ናድኩ፤ ቀላል ሥራ ነው፣ ሥሩን ካናጋሽው ራሱ ይወርዳል። ከዚያ የአባባ ትልቁ ካብ ጋ ደረስኩ። ዲጅኖውን ከታችኛው ድንጋይ ሥር አስገባሁ። ድንጋዩ ተነቃነቀ፣ እኔ አልቻልኩም። ቁጭ ብዬ ዳቦዬን በላሁ፣ ከፔርሙሴ ቡና ጠጣሁ፣ እንደገና ሞከርኩ፣ አቃተኝ። የቀሩት ስድስቱ ደግሞ ወደ እሱ የሚያደርሱ ናቸው፤ እሱ ከቆመ እነሱን ማፍረሱ ምን ይረባል ብዬ ተውኳቸው። አዲሱ መንገድ የራሱ ካቦች አሉት፣ ማን ወደዚህ ይመጣል አልኩ። ወርጄ ሁሉም ተንደዋል ብዬ ፈረምኩ።

ከዚህ የባሰ አለ። ዘንድሮ በጁላይ እንግዶቼን በአዲሱ መንገድ ሳሳልፍ፣ አንድ ጊዜ ብቻዬን ወደዚያ ወጣ ብዬ አየሁ። ካቦቹ አድገዋል። አላፊው ሰው እንደ ልማዱ አንዳንድ ድንጋይ እየጨመረባቸው ነው። ስለዚህ ሰው በዚያ እያለፈ ነው ማለት ነው። ይህን በዓይኔ አይቼ፣ ጉልበቴን አሞኛል፣ በሴፕቴምበር ዲጅኖ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ሄድኩ። በኦገስት ሴትዮዋ ወደቁ።

የመጨረሻውን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ሰዎች ወጥተው ካብ አላገኙም ብለሽኛል። አያገኙም። ሄሊኮፕተሩ በሄደ በሁለተኛው ቀን እንግዶቼን ግሮቡ ቁርስ ላይ ትቼ፣ ድልድዩን አይቼ ልምጣ ብዬ፣ የሹርን ዲጅኖ ይዤ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ያልቻልኩትን በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ድንጋዮቹን በታተንኳቸው፣ የድንጋይ ሽበት ያለበት ጎናቸው ወደ ላይ እንዲሆን እያገላበጥኩ፣ ትናንት የተነሡ እንዳይመስሉ። ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እንደ ሌባ ግን በየደቂቃው ዞር እያልኩ መንገዱን አይ ነበር። ልጅቷን ነፃ የሚያወጣውን ማስረጃ የናድኩት እኔ ነኝ፣ በአባቴ ድንጋይ ላይ ቆሜ።

አንቺ ስትጠይቂኝ ስለ በግ ጻፍኩልሽ። አፈርኩ፣ ኦስላውግ። ከማፈሬም የባሰው ድካሙ ነው፤ ይህን ከያዝኩ ወዲህ እንኳን ተራራ፣ የቤቴ ደረጃ አስጨንቆኛል። ማሪት ለእኔ ብላ እብድ ነኝ ማለቷን ካነበብኩ ጀምሮ እህል አልበላሁም።

አሁን ከእኔ ቃል በቀር ማስረጃ የለም፤ አንድ ነገር ግን አለ። ነጯን ድንጋይ መጣል አቅቶኝ በቦርሳዬ ይዤ ወርጃለሁ። አልጋዬ ሥር ናት። በስብሰባው ቀን ይዣት እገባለሁ።

ይቅርታ አልለምንሽም፣ ለመለመን ገና ነው።

ቶርሞድ


ቫርዶ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1974

ወንድሜ ቶርሞድ፦

ከስብሰባው ማግሥት የጻፍካት አጭር ደብዳቤ ደርሳኛለች። ለጠየቅከኝ ሁሉ በየተራ ልመልስልህ።

አዎ፣ የማኅበሩ ደብዳቤ ደርሷታል። ጥፋት አልተገኘባትም ይላል፣ ባጇም የእሷ ነው። አንተ ከቦርሳህ ድንጋይ አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ሊቀመንበሩ ውኃቸውን እንደደፉ እዚያ የነበረው ሹር በስልክ ነግሮናል። ባጅህን ራስህ ከኮትህ ፈትተህ ከድንጋዩ ጎን እንዳስቀመጥክም ነግሮናል። አንተ ይህን አልጻፍክልኝም። «ጨረስኩ፣ ወደ ቤት ሄድኩ» ብቻ ነው ያልከኝ።

ወይዘሮ ቦርግሂልድ ለማሪት ጽፈውላታል። በምርኩዝ ከአልጋ እስከ መስኮት ይሄዳሉ። ዳሌዬ ይድናል፣ የከነከነኝ ግን የመምራት ተራዬ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መውደቄ ነው ብለዋል። ደቂቃዎቹን በሚቀጥለው በጋ ካልተሰጡኝ ማኅበሩን እከሳለሁ ይላሉ። የሙዚቃ አስተማሪ ስለነበሩ ሰዓት ላይ አይቀልዱም።

አሁን የእኔን ልናገር። የእምነት ቃልህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ስፈልግ። አጣሁት። ያን ጊዜ ካቦቹን እንድትንድ ሲያዝዙህ ለእኔ ጽፈህልኝ ነበር፣ እኔም የመለስኩልህ አንድ መስመር ነው። «የአባባን ትልቁን ነካሁት ብለህ እንዳትጽፍልኝ።» ያ መስመር የእጄ ጽሑፍ ነው፣ ከዚህ ከዓሣ ከተማ ሆኜ፣ ሠላሳ ዓመት ያልረገጥኩትን ተራራ እያዘዝኩ። ደብዳቤውን አልጣልከውም፣ አውቅሃለሁ። ለኮሚቴው ማሳየት ትችል ነበር። ለእኔም «አንቺ ነሽ ያልሽኝ» ማለት ትችል ነበር። አላልክም። እኔም እስከዛሬ አፌን ዘግቼ አንተን እንደ ዳኛ ጠየቅኩህ፤ ሆድ ሲያውቅ ማለት ይህ ነው። ለማሪት ትናንት ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ቦት ጫማዋን ከደረጃው ሥር አወጣች። እየቀባችው ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል።

ከዚህ በታች የሚጽፈው እሷ ናት።

እህትህ ኦስላውግ

አጎቴ፦

ይቅር አልኩህ ለማለት ገና ነኝ። እማዬንም ገና ነኝ። ሹካ ሳነሣ ወንዙ ይታየኛል።

በጁን የመጨረሻ ሳምንት እመራለሁ፣ በአዲሱ መንገድ፣ በላይኛው ድልድይ። መዝገቡ ላይ እስካሁን ስምንት ሰው አለ። ዘጠነኛ አድርጌ አንተን ጽፌሃለሁ፣ እንደ እንግዳ። ዳቦህን እንደ ሰው ሁሉ ጠዋት ከማረፊያው ገበታ ላይ ትቋጥራለህ፣ በአራተኛው ቀን ግን የመምራት ተራ የለህም፤ ያቺ ተራ የወይዘሮ ቦርግሂልድ ናት።

ስንት ኪሎ ሜትር ቀረን ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ጉልበትህ እንደማይሆን አውቃለሁ። ከኋላዬ ትሄዳለህ። በአንተ እግር ልክ እራመዳለሁ።

ማሪት